ስሟ የረከሰ መኪና ለምትፈልጉ ወጣቶች

ይድረስ አሮጌ መኪና ለምትወዱ ልጆቼ፣ በተለይም በለንደን፣ በበርሚንግሃም፣ በሊድስና በማንችስተር ለምትኖሩ። እንደምን ሰነበታችሁ? ጥያቄያችሁ ሲጠቀለል አንድ ነው። የሰማንያዎቹ ጎልፍ ጂቲአይና ፔዦ 205 ጂቲአይ ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል፤ ታዲያ ማንም ዞር ብሎ የማያያትን የእንግሊዟን ኤምጂ ማይስትሮ ብንገዛ ሞኝነት ነው ወይ ትላላችሁ።

ሞኝነት አይደለም። ግን ምኗ እንደረከሰ ለይታችሁ እወቁ። የረከሰው ስሟ ነው። ላሜራ በያጁ ሰዓቱን ሲቆጥር ጎልፍም ትሁን ማይስትሮ እኩል ይቆጥራል። ስለዚህ በርካሽ የገዛችኋት መኪና ብየዳ ከፈለገች ወጪው ከዋጋዋ በላይ ይሄዳል፤ ጥሩ ቦዲ ያላትን ካገኛችሁ ደግሞ ሌሎች ለስም የሚከፍሉትን እናንተ ኪሳችሁ ታስቀሩታላችሁ። የምጽፍላችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ አይወጣም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟ እንዴት እንደወደቀ ማወቁ ለወሬ ብቻ ሳይሆን ለግዢም ይጠቅማል። ኦስቲን ማይስትሮ በማርች 1983 ኦክስፎርድ አጠገብ ካለው የካውሊ ፋብሪካ ወጣች። ንድፏ የተጀመረው በሰባዎቹ ነው። ፎርድ አዲሱን ኤስኮርት በ1980 አውጥቶ ገበያውን ሲይዝ እሷ ገና መንገድ ላይ ነበረች። ስትደርስ ማዕዘኗ የበዛ፣ ጎኗ የተቦረቦረ፣ መስኮቷ ሰፊ የሆነ መኪና ሆና ታየች። ለዓይን የምትማርክ አልነበረችም፤ ዛሬም ያን ያህል አይደለችም፤ አልዋሻችሁም። በዚያ ላይ ኤምጂ የሚለው ስም ጣሪያዋ ክፍት የሆነችው የስፖርት መኪና ስም ነበር። የኤምጂ ቤት የነበረው የአቢንግደን ፋብሪካ በ1980 ተዘግቶ፣ በ1982 ስሙ ሜትሮ ላይ ተለጠፈ፤ ቀጥሎ ማይስትሮ ላይ። የክፍቷ መኪና ወዳጆች ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት።

የመጀመሪያዋ ኤምጂ ማይስትሮ 1600 ደግሞ ለሐሜተኛ ስንቅ ሆነች። 1598 ሲሲ ሞተሯ በሁለት የዌበር ካርቡሬተሮች 103 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ችግሩ ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ ነው። ሙቀቱ ካርቡሬተሮቹ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላውና መኪናዋ መልሳ አልነሳም ትላለች። ነዳጅ ቀድታችሁ ገንዘቡን ከፍላችሁ ስትመለሱ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ ዝም። ዳሽቦርዷ ዲጂታል ነበር፤ በተዋናይት ኒኮሌት ማኬንዚ ድምፅም ትናገራለች። በዘመኑ አስደናቂ ነገር ነበር፤ ግን አልነሳም ያለች መኪና ስትናገር ሰው ይስቃል እንጂ አያደንቅም። ፋብሪካው በኦክቶበር 1984 ባለ 2 ሊትሯን፣ በካርቡሬተር ፋንታ በኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ የምትሠራውን ኢኤፍአይ ሲያመጣ ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ነበር፤ የገዢው ጆሮ ግን ቀድሞ ተዘግቷል። የእናንተ ዕድል ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ በአንዷ ምክንያት ወድቆ ሌላዋን ይዟት ወረደ።

ስለዚህ የምትፈልጓት ኢኤፍአይን ነው፤ በኋላ 2.0አይ የተባለችውም እሷው ናት። ሞተሯ ኦ ሲሪስ የሚባለው 1994 ሲሲ፣ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አልሙኒየም፤ የሉካስ የነዳጅ መርጫ አለው፤ ጉልበቱ 115 ፈረስ ነው። የዘመኗ ጎልፍ ጂቲአይ ባለ 8 ቫልቭ 112 ነበራት፤ ኤስኮርት ኤክስአር3አይ 105። መኪናዋ አንድ ቶን ገደማ ስለምትመዝን ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ ወደ 8.5 ሴኮንድ ይበቃታል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ጉልበቱ የሚመጣበት ቦታ ይበልጣል። ኦ ሲሪስ ከታች ነው የሚጎትተው፤ ከ3,000 ዙር በፊት ያለውን ሁሉ ሰጥቷችኋል። ሌላው ሞተር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ እስኪጮህ ሲጠብቅ፣ እሷ በሦስተኛ ዳገቱን ትወጣለች። ወደ 6,000 ብትወስዷት ጩኸት እንጂ ፍጥነት አትጨምርም፤ እንዲህ እየነዳ «ደካማ ናት» የሚል ሰው መንዳቱን አላወቀበትም።

የኋላ እገዳዋ (ሳስፔንሽኗ) የጎልፍ ዓይነት፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ ተጠማዛዥ ድልድይ ነው። ፔዦዋ ከርቭ ላይ ከእሷ ትቀላለች፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ግን በ205 ነዳጅ ስትለቁ ኋላዋ ሊያፈነግጥ ይችላል፤ ማይስትሮ አፍንጫዋን ገፍታ ታስጠነቅቃችኋለች። ለጀማሪ ነጂ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መስኮቶቿ ከሁሉም ወገን ያሳዩዋችኋል፤ የኋላ ወንበሩን ብታጥፉ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ትጭናለች። በአብዛኞቹ መሪው ያለ ሃይድሮሊክ እርዳታ ስለሆነ ፓርኪንግ ላይ ክንድ ይፈልጋል።

ቱርቦዋን የምትመኙም እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ1988 በበርሚንግሃም የመኪና ትርኢት ታየች፤ ቲክፎርድ የሚባለው ድርጅት አለበሳት፤ የተሠሩት 505 ብቻ ናቸው። ወደ 150 ፈረስ ይዛ ስትነሳ የዘመኗን ጎልፍ 16 ቫልቭ ትቀድም ነበር፤ መሪውንም ከእጃችሁ ልትነጥቅ ትሞክራለች። ቁጥሯ ትንሽ ስለሆነ ዋጋዋ ከእህቶቿ ተለይቷል፤ ኢኤፍአይን ቱርቦ አስመስሎ የሚያለብስም አይጠፋም። ቱርቦ የምትገዙ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ፤ ጋይደን ባለው የብሪቲሽ የመኪና ሙዚየም የምርት መዝገብም የምስክር ወረቀት ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። የመጀመሪያዋን 1600 ለማንም ለመጀመሪያ መኪናነት አልመክርም፤ ለሰብሳቢ ትተዋት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቦዲው። መኪናዋን ስታዩ ኮፈኑን ለመክፈት አትቸኩሉ፤ ሻጭ ሁሉ የሚያሳያችሁ የታጠበ ሞተር ነው። መጀመሪያ የኋላ ጎማ ቅስቶች ጋ ተንበርከኩ። ማይስትሮ መዛግ የምትጀምረው ከዚያ ነው። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በቅስቱ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራቱ፤ መሳቡ የደከመበት ቦታ ስቱኮ (ዝገት የተደፈነበት ሙሊት) ነው። ቀለሙ ከላይ ቢያበራም ግድ የላችሁም። በጣታችሁ አንኳኩ፤ ላሜራ ይጮሃል፣ ስቱኮ ይታፈናል። ከቅስቱ በላይ የነዳጅ መሙያው ዙሪያም እንዲሁ ይበላል።

ከዚያ በበሩ ስር የምትረግጡት የላሜራ ሳጥን አለ፤ እንግሊዞቹ ሲል የሚሉት። የሚያታልለው እሱ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች የተበላው ሳጥን ሳይቆረጥ በላዩ ላይ ሽፋን ላሜራ ተለጥፎባቸዋል። ውጩ ቀጥ ብሎ ያምራል፤ ውስጡ ግን ውሃውን ይዞ መበላቱን ይቀጥላል። ለመለየት የበሩን ጎማ ከታች በኩል ነቅላችሁ የብየዳውን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ ከታየ ጉዳዩ ይኸው ነው። ቀጥሎ ምንጣፉን አንስታችሁ ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ውሃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፊት መስታወቱ ስር ካለው ጎድጓዳ ነው፤ ቅጠል የውሃ መውረጃውን ሲደፍነው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሻጩ ከፈቀደ ክሪኩን በመኪናዋ ማንሻ ነጥብ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ አንሱና የፊት በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። ጎማው ከመሬት ሳይነሳ ላሜራው ከተሰበሰበ፣ ወይም በሩ ቅድም ሲገጥም የነበረው አሁን ከነካ፣ አመስግናችሁ ሂዱ። መኪናዋን የያዛት ዝገቱ ነው።

የእንግሊዝ ዓመታዊ ምርመራ፣ ኤምኦቲ የምትሉት፣ አንድ ሕግ አለው። ከመቀመጫ ቀበቶ፣ ከመሪ፣ ከእገዳ ወይም ከፍሬን መያዣ በ30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለ ጥንካሬን የሚያሳጣ ዝገት ይጥላል። ሕጉን በልባችሁ ያዙና የኋላ እገዳው የተያዘበትን ቦታና የቀበቶ ብሎኖቹን ዙሪያ በባትሪ መብራት ፈትሹ። ያለፈውን የምርመራ ታሪክ በሰሌዳ ቁጥሩ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ታገኛላችሁ። ማንበብ ያለባችሁ «አለፈ» የሚለውን ሳይሆን ከስሩ ያለውን ማሳሰቢያ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ «የግራ ሳጥን ዝገት» ተብሎ ተጽፎ በአራተኛው ዓመት በድንገት ከጠፋ፣ ወይ ተሠርቷል ወይ ተሸፍኗል። ደረሰኝና ፎቶ ጠይቁ።

ብየዳው አይቀሬ ከሆነ በሥርዓቱ ይሁን። ጥሩ ብረት እስኪገኝ ይቆረጥ፤ ለውጩ አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ይበቃል፤ በሚግ ብየዳ በአጭር በአጭሩ እየተዘለለ ይበየድ፤ አንዱ ጫፍ ሳይቀዘቅዝ ቀጣዩ ከተሠራ ላሜራው ይጠመዘዛል። ጭነት በሚሸከም ቦታ ላይ ግን መጨረሻው ያልተቋረጠ መስመር መሆን አለበት፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ ከሆነ መርማሪው አይቀበለውም። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ፈሳሽ ሰም በረጅም ቱቦ ይረጫል፤ ደረቅና ሞቃት ቀን ምረጡ፤ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ሰሙ እንዳይደፍናቸው በሽቦ ውጉ። ሁለቱን ሳጥንና ሁለቱን ቅስት አንድ ሰው በደንብ ልሥራ ካለ ሳምንት ይፈጃል። በሁለት ቀን እጨርሳለሁ የሚላችሁ ሰው ሽፋን ሊለጥፍ ነው።

ሞተሩ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የታይሚንግ ቺንጊያ የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ፤ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው የሚለውን አትስሙ፤ ቺንጊያው ጎማ ስለሆነ በመቆምም ያረጃል። ለዓመታት የቆመች መኪና ካገኛችሁ ባትሪ ሰክታችሁ አታስነሱ። የቆየውን ቤንዚን አውጡ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ ካንዴላዎቹን ነቅላችሁ ጥቂት ዘይት ሲሊንደሮቹ ውስጥ ጣል አድርጉ፣ በማግስቱ ክራንኩን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩት። የሚይዝ ነገር ከሌለ ቺንጊያውን ቀይሩ፤ ከዚያ ነው ሞተሪኖው። ኩላንቱ ዝገት መስሎ ከወጣ ለዓመታት ውሃ ብቻ ሲሞላባት ኖሯል፤ የአልሙኒየሙ ቴስታታ የውሃ መንገዱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። አጥባችሁ ግማሽ አንቲፍሪዝ ግማሽ ንጹሕ ውሃ ሙሉ።

የነዳጅ ቱቦውን ጉዳይ ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ መኪና የሚያቃጥል እሱ ነው። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ ማደያዎች የተለመደው ቤንዚን ኢ10 ሆኗል፤ 10 በመቶ ድረስ ኢታኖል አለው። የሰማንያዎቹ የጎማ ቱቦ ይህን አይወድም፤ ከውስጥ ይለሰልሳል፣ ከውጭ ይሰነጠቃል። በካርቡሬተር መኪና ላብ ያህል ያንጠባጥባል፤ በኢኤፍአይ ግን ቱቦው ውስጥ ከ2 ባር በላይ ግፊት ስላለ ሲሰነጠቅ በጋለው ሞተር ላይ ይረጫል። ከመንካታችሁ በፊት ግፊቱን አውጡ። የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ነቅላችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ ራሱ ይጠፋል፤ አንዴ ደግማችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የምትገዙት ቱቦ ላዩ ላይ አር9 የሚል የታተመበት መሆን አለበት፤ ለካርቡሬተር የሚሸጠው ርካሹ አይሆንም። መጠኑን ከአሮጌው ለክታችሁ ግዙ፤ ልቅ ቱቦን በማጥበቂያ አስታምመዋለሁ አትበሉ። ማጥበቂያውም ለኢንጀክሽን የተሠራው፣ ጠርዙ የታጠፈው ይሁን፤ የተራው ማጥበቂያ ጥርስ ጎማውን ይቆርጠዋል። ስትጨርሱ ቁልፉን ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ፖምፓው ግፊት ይሙላ፤ ሞተሩን ሳታስነሱ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ወረቀት አብሱ። ወረቀቱ ከረጠበ ወደ ኋላ ተመለሱ። ነዳጁም ኢ5 (ኢታኖሉ እስከ 5 በመቶ) የሆነው ሱፐር ይሁን፤ በዓመት ለምትነዱት ጥቂት ማይል የዋጋ ልዩነቱ ከቱቦ አይበልጥም።

ኢኤፍአይ ስትንተፋተፍ ሰው ሁሉ ኮምፒዩተሩን ይወቅሳል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ነው። ቴስተራችሁን በቮልት አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያዙና ሰው ሞተሪኖውን ያዙርላችሁ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ የግራውንድ ሽቦው ዝጓል፤ አውጡ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ሲሞቅ ነዳጅ የሚያበዛ ከሆነ የኩላንት ሙቀት ሴንሰሩን ለኩ፤ በክፍል ሙቀት ወደ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ማንበብ አለበት። ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነኝ የሚል ሴንሰር ሞተሩን በቤንዚን ያሰምጠዋል። ከትንሽ ግጭት በኋላ ጨርሶ አልነሳ ያለች እንደሆነ ደግሞ የነዳጅ ማቋረጫውን ቁልፍ ተጫኑት። ጓደኞቻችሁን ሳትጠሩ።

ካምቢዮው የሆንዳ ንድፍ ነው፤ ፒጂ1 ይባላል፤ ዝርያው በሮቨርና በኤምጂኤፍ ላይ ሲሠራ ኖሯል፤ ስለዚህ የውስጥ ዕቃው ዛሬም ይገኛል። ድክመቱ የዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ ነው። በ50 ማይል ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ የማይቀየር የፉጨት ድምፅ ከሰማችሁ የዋጋ ድርድር ጊዜው ደርሷል። ፍሬኗ ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር ነው። ከቆመች በኋላ አንዱ ጎማ ብቻ የሚግል ከሆነ ካሊፐሩን (የፍሬን መያዣውን) ከመግዛታችሁ በፊት ከጎማ የተሠራችውን የፍሬን ዘይት ቱቦ ቀይሩ፤ ውስጧ አብጦ ዘይቱን ታሳልፋለች እንጂ አትመልስም፤ ርካሽ ናት። የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች ታነባላችሁ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ያለፈውን፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ ጣሉት። ጎን ላይ 315 ወይም 365 የሚል ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ቸርኬው ኦስቲን ሮቨር በአንዳንድ መኪኖቹ ላይ ያደረገው የሚሊ ሜትር ቸርኬ ነው፤ ተራ ጎማ አይገጥመውም፤ ቸርኬውን ቀድማችሁ ለመቀየር አስቡ።

የወረቀቱ ነገር ለእናንተ ጥሩ ሆኗል። በእንግሊዝ 40 ዓመት የሞላት መኪና የመንገድ ግብር አትከፍልም፤ ዩሌዝ የሚባለው የለንደን የአየር ብክለት ክፍያ፣ በቀን 12.50 ፓውንድ የሚሆነው፣ አይመለከታትም፤ ትልቅ ለውጥ ካልተደረገባት ኤምኦቲም ግዴታ አይደለም። ነፃነቱ በራሱ ግን አይመጣም፤ ለዲቪኤልኤ (ለእንግሊዝ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ማመልከት አለባችሁ፤ ዓመቱ የሚቆጠረውም ከተሠራችበት ቀን ነው። ኤምኦቲ ግዴታ ባይሆንም በየዓመቱ አስመርምሩ፤ ብልሹ መኪና መንገድ ላይ ማውጣት ለአሮጌም ወንጀል ነው፤ ደግሞም ለትንሽ ክፍያ ሌላ ሰው ስሯን ያይላችኋል። ኢንሹራንስ ስትገዙ ማይል የተገደበበትን፣ ዋጋዋን አስቀድማችሁ የተስማማችሁበትን ውል ምረጡ፤ አለዚያ ስትገጭ የሚሰጧችሁ የስሟን ዋጋ ነው። «አገር ቤት ልውሰዳት» የሚል ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ ተዉት፤ ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

ዕቃ ፍለጋ ላይ አንድ ነገር እወቁ። ሞተር ነክ የሆነውን የማይስትሮ እህት ከሆነችው መኪና፣ ከሞንቴጎ፣ ትወስዳላችሁ፤ በሮቿም ከእሷ ጋር አንድ ናቸው። የማይስትሮና የሞንቴጎ ባለቤቶች ክበብም አለ፤ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት አባል ሁኑ፣ የሚፈርስ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው። የማይገኘው የውጩ ፕላስቲክ ነው፤ የኋላ መብራት ሽፋን፣ የኤምጂ ጌጥ፣ ከሁሉም በላይ ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያው)። ጥሩ ስታገኙ፣ ባያስፈልጋችሁም፣ ግዙና ቤት ውስጥ አስቀምጡ። የማይስትሮ ፓራውልት በብርድ ይደርቃል፤ በበጋ ብትገፉት ተመልሶ የሚቃናው በጥር ጠዋት እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውርጭ በወረደበት ቀን መኪናዋ አልነሳ ብትላችሁ ከፓራውልቷ አትግፏት፤ በሯን ከፍታችሁ ከምሰሶው ያዙ።